«ወረቀት የሌላቸው ወንጀሉን አብዝተውታል?» ለጋርላንዱ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የምኖረው ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ነው። እሑድ ቡና ላይ ከባለቤቴ ወንድም ጋር ክፉኛ ተከራከርን። እሱ ‹ሕገወጥ ሆነው የገቡት ወንጀሉን አብዝተውታል፤ የቴክሳስ መንግሥት ራሱ ቁጥሩን አውጥቶታል› አለ። እኔ ደግሞ እዚሁ ከተወለደው ያነሰ እንደሚታሰሩ የሚያሳይ ጥናት በስልኬ አሳየሁት። ሁለቱም የቴክሳስ ቁጥር ነው። ታዲያ የማናችን ነው ትክክል? ሌላው ጭንቀቴ የእህቴ ልጅ ነው። በድንበር ገብቶ የአሳይለም ኬዙ ገና ነው። ይሄ ሁሉ ሕግ እሱን ይነካዋል?»

ምላሽ፦

ሁለታችሁም ያመጣችሁት ቁጥር የውሸት አይደለም። የባለቤትዎ ወንድም ያመጡት ድምር ነው። እርስዎ ያሳዩት ደግሞ ምጣኔ ነው። ድምር «ስንት ሰው ተያዘ?» ይላል። ምጣኔ ግን «ከስንት ሰው ውስጥ?» ብሎ ይጠይቃል። የእናንተ ጥያቄ «ማን ይብሳል?» ከሆነ መልሱ ያለው ምጣኔው ላይ ነው። በዚያ ከሄድን፣ እስካሁን ያለው የተሻለ መረጃ ወደ እርስዎ ያጋድላል። ግን ቀዳዳ አለው። ቀዳዳውንም ሳልደብቅ እነግርዎታለሁ፤ ምክንያቱም በሚቀጥለው ቡና የባለቤትዎ ወንድም እሱን ይዘው ይመጣሉ።

የወንጀል መረጃ መተንተን የዕለት ሥራዬ ነው። ከዚያ በፊት ለዓመታት በፍርድ ቤትና በእስር ቤት የአማርኛ አስተርጓሚ ነበርኩ። ስለዚህ ይህን ጉዳይ በሠንጠረዥም በሰው ፊትም አይቼዋለሁ።

መጀመሪያ፣ ለምን ሁሌ ቴክሳስ ይጠቀሳል? አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ ሰው ሲይዝ ብዙውን ጊዜ የመኖሪያ ፈቃዱን አይመዘግብም። ኤፍቢአይ የሚያወጣው የወንጀል ሪፖርት ዕድሜ፣ ጾታና ዘር አለው። «ወረቀት አለው ወይስ የለውም» የሚል ዓምድ የለውም። ስለዚህ በካሊፎርኒያ ወይም በኒው ዮርክ «ሕገወጥ ስደተኞች ይህን ያህል ወንጀል ሠሩ» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ከየት እንዳመጣው ይጠይቁት። ቴክሳስ ግን ይለያል። ዲፒኤስ፣ ያው መንጃ ፈቃድ ያወጡበት የስቴቱ የሕዝብ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ የታሰረውን ሰው አሻራ ከፌዴራሉ የኢሚግሬሽን መዝገብ ጋር ካስተያየ በኋላ መልሱን ከወንጀል ፋይሉ ጋር ያስቀምጠዋል። ተመራማሪዎች ቴክሳስ ላይ የሚረባረቡት ለዚህ ነው።

ይህ ነገር በተግባር ምን እንደሚመስል ልንገርዎ። አንድ ሌሊት አንድ ወጣት ያለ መንጃ ፈቃድ ሲያሽከረክር ተይዞ መጣና እንዳስተረጉም ተጠራሁ። ጣቶቹን አንድ በአንድ መስታወቱ ላይ አስጫኑት። እጁ ላብ ስለነበረው ማሽኑ አላነበበውም። መኮንኑ በወረቀት ጠርጎለት እንደገና አስጫነው። «የት ተወለድክ?» ሲለው «ደሴ» አለ። እንዴት እንደሚጻፍ እኔን ጠየቀኝ፤ ፊደል በፊደል ነገርኩት። አሻራው ከዚያ ክፍል ወጥቶ ወደ ስቴቱ፣ ከስቴቱ ወደ ኤፍቢአይ፣ ከኤፍቢአይ ኢሚግሬሽንን ወደሚይዘው ሆምላንድ ሴኩሪቲ ሄደ። ልጁ ከብራዚል ተነስቶ የዳሪየንን ጫካ በእግሩ አቋርጦ፣ የአሜሪካ ድንበር ላይ እጁን ሲሰጥ አሻራ ሰጥቶ ነበር። ሳይነጋ መልሱ መጣ። እኔ ቤቴ ገብቼ ስተኛ እሱ ሠንጠረዥ ውስጥ ገብቷል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ማይክል ላይትና ባልደረቦቹ የቴክሳስን የ2012–2018 የከባድ ወንጀል እስር መረጃ መርምረው በ2020 አሳትመዋል። ውጤታቸው ይህ ነው፦ እዚሁ የተወለዱ ዜጎች ወረቀት ከሌላቸው ጋር ሲነጻጸሩ በአመፅ ወንጀል (እንደ ግድያ፣ ድብደባና በኃይል መዝረፍ ባለው) የመታሰር ዕድላቸው ከ2 እጥፍ በላይ ነው። በአደንዛዥ ዕፅ 2.5 እጥፍ፣ በንብረት ወንጀል ደግሞ ከ4 እጥፍ በላይ ነው። እርስዎ በስልክዎ ያሳዩት ይህንን ይመስለኛል።

ሌላው ካቶ የተባለው የነፃ ገበያ ደጋፊ ተቋም ያወጣው ነው። እሱ የሚቆጥረው እስርን ሳይሆን ፍርድን ነው። ከ2013 እስከ 2022 ባሉት 10 ዓመታት በቴክሳስ በነፍስ ግድያ የተፈረደባቸው፣ ከ100,000 ሰው ሲሰላ፣ አሜሪካ ከተወለዱት 3.0፣ ወረቀት ከሌላቸው 2.2፣ በሕጋዊ መንገድ ከመጡት ስደተኞች 1.2 ናቸው። ቡና ላይ ለመናገር ቀላሉ ደግሞ ይህ ነው፦ በ2022 ወረቀት የሌላቸው ከስቴቱ ሕዝብ 7 ከመቶ ገደማ ነበሩ። በግድያ ከተፈረደባቸው ውስጥ ግን 5 ከመቶ ያህል ነበሩ።

እኔ በግሌ ከሁሉ የበለጠ የምተማመነው በግድያ ቁጥር ነው። ስርቆት ሳይነገር ይቀራል። ድብደባም ሳይነገር ይቀራል። የሞተ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ተደብቆ አይቀርም።

የባለቤትዎ ወንድም ያመጡት ቁጥርስ? ዲፒኤስ በድረ ገጹ ላይ ሕገወጥ ተብለው የተለዩ ሰዎች የተከሰሱባቸውን ወንጀሎች ያወጣል። ቁጥሩ ሲያዩት ያስደነግጣል። ግን ከጁን 2011 ጀምሮ እየተደመረ የመጣ ነው። አንድ ዓመት አይደለም። አጠገቡም የዜጎቹ ቁጥር አልተቀመጠም። ሌላው ሰው ሁሉ በዚያው ጊዜ ስንት ወንጀል እንደተከሰሰ ሳያዩ፣ ይህኛው ብዙ ነው ወይስ ትንሽ ማለት አይቻልም።

ተመሳሳይ ነገር በሴፕቴምበር 2024 በመላ አገሪቱ ሆነ። አይስ፣ የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ አስከባሪ መሥሪያ ቤት፣ ለቴክሳሱ የኮንግረስ አባል ቶኒ ጎንዛሌስ በጻፈው ደብዳቤ በነፍስ ግድያ የተፈረደባቸው፣ ግን በአይስ እስር ቤት የሌሉ 13,099 ዜግነት የሌላቸው ሰዎች በመዝገቡ እንዳሉ ገለጸ። በማግስቱ ወሬው «13,000 ነፍሰ ገዳይ ባለፉት ሦስት አራት ዓመታት ገብቶ ጎዳና ላይ ይዞራል» ሆነ። ቁጥሩ ግን 40 ዓመት ወደ ኋላ የሚሄድ ነው። «በአይስ እስር ቤት የሉም» ማለትም የግድ «ተለቀዋል» ማለት አይደለም። ብዙዎቹ የስቴት ወይም የፌዴራል ወህኒ ቤት ውስጥ ፍርዳቸውን እየጨረሱ ያሉ ናቸው። «ዜግነት የሌላቸው» ሲባል ደግሞ ግሪን ካርድ ያለውንም ይጨምራል። ከኛ ሰው ስንቱ ነው ግሪን ካርድ ይዞ የሚኖረው? እሱም በዚያ ቃል ውስጥ አለ።

አሁን ቀዳዳው። የደሴው ልጅ አሻራ መልስ ያመጣው ቀድሞ መዝገብ ውስጥ ስለነበረ ነው። ድንበሩን ማንም ሳያየው ተሻግሮ፣ አንድም ቀን ከኢሚግሬሽን ጋር ያልተገናኘ ሰው አሻራው ቢላክ ምንም አይመጣም። እንዲህ ያለው ሰው በመጀመሪያው ቆጠራ ወረቀት ከሌላቸው ጋር አይመደብም። ተፈርዶበት ወህኒ ከገባ በኋላ፣ ቃለ መጠይቅ ሲደረግለት፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ይለያል። ስደት እንዲቀንስ የሚከራከረው የኢሚግሬሽን ጥናት ማዕከል በ2022 ይህን አነሳ። እነዚህ ዘግይተው የተለዩት ሲጨመሩ ልዩነቱ ይጠባል፤ እንደ ግድያና ጾታዊ ጥቃት ባሉ ወንጀሎች ደግሞ ከስቴቱ አማካይ በላይ ይሆናል ብለው ጻፉ። የካቶዎቹ መልስ «አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ቆጥራችኋል፤ በሁለቱም ዝርዝር ውስጥ ያለ ሰው አለ» የሚል ነበር።

ይህ የሙያ ክርክር ነው፤ ትችቱም ባዶ አይደለም። ዘግይቶ የሚለይ ሰው እንዳለ እኔም በሥራዬ አውቃለሁ። ግን ስህተቱ በዚህ አቅጣጫ ብቻ አይደለም። ወረቀት የሌለው ሰው ለቆጣሪ በሩን አይከፍትም። የሕዝቡ ቁጥር ከእውነተኛው አንሶ ከተገመተ ምጣኔው ያለ ጥፋቱ ይጨምራል። ለምሳሌ 100 ሰው ቢታሰርና ሕዝቡ 1 ሚሊዮን ነው ብለን ብናሰላ፣ ከ100,000 ሰው 10 ይመጣል። ሕዝቡ በእውነቱ 1.25 ሚሊዮን ከነበረ ግን 8 ነው። የታሰረው ሰው አልተለወጠም፤ የተካፈለበት ተለወጠ። ሌላም ልጨምር፦ የተፈረደበት ስደተኛ ከአገር ይባረራልና እዚሁ ሁለተኛ ጊዜ ለመያዝ ዕድል የለውም። ዜጋው ግን ወጥቶ እንደገና ሊያዝ ይችላል። ይህ የስደተኛውን ምጣኔ በተወሰነ ደረጃ ያወርደዋል። ይህን ሁሉ ደምሬ ቀንሼ ሳየው፣ «ወረቀት የሌላቸው ከሌላው ይብሳሉ» የሚለው አያስኬድም። «በትክክል በግማሽ ያንሳሉ» ብሎ ለመማልም ግን አልደፍርም።

ከቴክሳስ ወጣ ብለን ሰፋ አድርገን ብናየውም ያው ነው። በአሜሪካ ወረቀት የሌላቸው በ1990 3.5 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። በ2007 ወደ 12 ሚሊዮን ደረሱ። የአመፅ ወንጀል ምጣኔ ግን ከ1993 እስከ 2022 በግማሽ ገደማ ወርዷል። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ወንጀል በብዙ ምክንያት ይወጣል ይወርዳል። «እነሱ ሲበዙ ወንጀል ይበዛል» ለሚል ሰው ግን መልስ ያስፈልገዋል።

ይህን ሁሉ ቁጥር ስደረድር ልጁ የተገደለበት ሰው ቢያነብብኝ ምን ይሰማዋል ብዬ አስባለሁ። በፌብሩወሪ 2024 ጆርጂያ ውስጥ፣ አቴንስ ከተማ፣ የነርስነት ተማሪ የነበረችው ሌከን ራይሊ ለሩጫ እንደወጣች ተገደለች። የገደላት በ2022 በሕገወጥ መንገድ ድንበር ተሻግሮ የገባ ሰው ነበር። ከዚያ በፊትም በሌላ ጥፋት በፖሊስ እጅ ገብቶ ያውቃል። ለእናቷ «ምጣኔው ዝቅተኛ ነው» ማለት ምንም ማለት አይደለም። የእሷ ጥያቄ «ይህ ሰው ቀድሞ ሲያዝ ለምን ተለቀቀ?» ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። የስቴቶቹ ሕግ ሁሉ የሚሽከረከረውም በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው።

ስቴቶቹ ምን አደረጉ? አሪዞና በ2010 ፖሊስ ወረቀት እንዲጠይቅ የሚያዝ ሕግ አወጣች። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 ከቀረቡለት አራት ክፍሎች ሦስቱን ጣለ፤ ኢሚግሬሽን የፌዴራሉ ሥራ ነው በሚል። ወረቀት የመጠየቁን ክፍል ግን አልጣለውም። ቴክሳስ ከማርች 2021 ጀምሮ በድንበር ዘመቻው ከ11 ቢሊዮን ዶላር በላይ አወጣች። በዲሴምበር 2023 ገዥው ግሬግ አቦት ድንበር ሳይፈቀድ መሻገርን የስቴት ወንጀል የሚያደርገውን ሕግ ፈረሙ። በፌብሩወሪ 2024 ዳኛ አገደው፣ በማርች ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለቀቀው፣ በሰዓታት ውስጥ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ መልሶ አገደው። በ2025 ደግሞ እስር ቤት የሚያስተዳድሩ ሸሪፎች ከአይስ ጋር የትብብር ስምምነት እንዲፈርሙ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ለእርስዎ ቤተሰብ ከሁሉ የሚቀርበው ይህ ነው።

ካሊፎርኒያ በተቃራኒው ሄደች። በ2017 የያኔው ገዥ ጄሪ ብራውን የፈረሙት ሕግ የአካባቢ ፖሊስ ለአይስ የሚሰጠውን እርዳታ ገደበ። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የስቴቱ ወህኒ ቤት ከዚህ ገደብ ውጭ መሆኑን ነው። ከባድ ወንጀል ሠርቶ ፍርዱን የጨረሰ ሰው እዚያም ለአይስ ይሰጣል። ለአይስ የሚሰጠውን እርዳታ የሚገድብ ቦታ «ሳንክቹዋሪ» ይባላል፤ ወንጀለኛ መደበቂያ ማለት ግን አይደለም። በትንሽ ነገር የተያዘችውን ሴት ልቀቃት፣ በሽጉጥ የዘረፈውን አስረክበው፤ ሕጉ በአጭሩ ይህን ነው የሚለው።

ታዲያ ወንጀልን የቀነሰው የትኛው መንገድ ነው? የፌዴራሉ የአሻራ ልውውጥ በ2008 ተጀምሮ እስከ 2013 መጀመሪያ ካውንቲ በካውንቲ መላ አገሪቱን አዳረሰ። አንዱ ካውንቲ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ስለገባ ለማነጻጸር ያመቻል። ማይልስና ኮክስ የተባሉ ሁለት የሕግ ምሁራን አነጻጽረው በ2014 አሳተሙ። በወንጀል ምጣኔ ላይ የሚታይ ለውጥ አላገኙም። ሃውስማን የተባለ ተመራማሪ ደግሞ በ2020 ሳንክቹዋሪ የሆኑትን አካባቢዎች አይቶ፣ ከአገር መባረሩ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ሲቀንስ ወንጀል አለመጨመሩን ጻፈ። ስለዚህ ማጥበቁም ማላላቱም፣ ሁለቱም ወገን በምርጫ ሰሞን የሚሉትን ያህል የሰፈርዎን ወንጀል አይለውጡትም።

ስለ ኦሮራ አንድ ቃል ልበል፤ የኛ ሰው ብዙ ያለበት ከተማ ስለሆነ። ኮሎራዶ ውስጥ በኦገስት 2024 የታጠቁ ወጣቶች የአፓርታማ በር ሲደበድቡ የሚያሳየው ቪዲዮ ዓለምን ዞረ። የቬንዙዌላ ወሮበላ ቡድን ከተማዋን ያዛት ተባለ። ታጣቂዎቹ የእውነት ነበሩ፣ በዚያ ሕንፃ የሚኖረው ሰው ፍርሃትም የእውነት ነበር። ከተማዋ ግን አልተያዘችም። ይህን ያሉት ሪፐብሊካኑ ከንቲባ ማይክ ኮፍማን ራሳቸው ናቸው፤ ወሬው እጅግ ተጋንኗል ብለዋል።

ከቁጥሩ ውጭ የሚቀረውን ደግሞ በአስተርጓሚነቴ አይቻለሁ። አንዲት እናት ከሥራ ስትመለስ ሁለት ሰዎች መኪና ማቆሚያው ላይ ቦርሳዋን ነጥቀው ገፍትረው ጣሏት። ክንዷ ተላልጦ ነበር። ለፖሊስ አልደወለችም። ባሏ ወረቀት አልነበረውም፣ ፖሊስ ቤት ከመጣ እሱን ያያል ብላ ፈራች። ወር ቆይቶ የዚያው ሕንፃ ሌላ ነዋሪ ተዘረፈች። እኔ የሰማሁት ሁለተኛዋ ከስሳ ሳስተረጉምላት ነው። የወንጀል ሰለባ ሆኖ ከፖሊስ ጋር ለተባበረ ሰው ዩ ቪዛ የሚባል መንገድ ከ2000 ጀምሮ አለ። በዓመት የሚሰጠው 10,000 ብቻ ስለሆነ ወረፋው ረጅም ነው። ግን አለ፤ እሷ አለመስማቷ እስካሁን ይቆጨኛል።

ወደ እህትዎ ልጅ ልምጣ። ኬዙ በሂደት ላይ ያለ ሰው መንግሥት የሚያውቀው ሰው ነው። አድራሻው፣ አሻራው፣ የቀጠሮው ቀን ተመዝግቧል። ሆኖም ብዙ የሕዝብ ግምት እሱንም «ፈቃድ ከሌላቸው» ጋር ይቆጥረዋል። ይህ ስሌት ነው፣ ብዙም አይጎዳውም። የሚጎዳው በጃንዋሪ 2025 የወጣው፣ በሟቿ ተማሪ ስም የሚጠራው የፌዴራል ሕግ ነው። እንደ እሱ በድንበር ሳይፈቀድለት የገባ ሰው በስርቆት፣ ቤት ሰብሮ በመግባት፣ ከሱቅ ዕቃ በማንሳት፣ ፖሊስ በመምታት ወይም በሰው ላይ ከባድ ጉዳት በማድረስ ከተያዘ ወይም ከተከሰሰ፣ አይስ ያለ ዋስ እንዲያስረው ያዛል። ልብ ይበሉ፣ «ከተፈረደበት» ብቻ አይልም። መያዙ ይበቃል። በኋላ ነፃ ቢወጣም፣ እስከዚያ ታስሮ ሊቆይ ይችላል።

ስለዚህ ልጁን ቁጭ አድርገው ያናግሩት። ከጓደኛ ጋር ሱቅ ሲገባ ጓደኛው ኪሱ የሚከተው ነገር እሱን ያስይዘዋል። ሁለት ቢራ ጠጥቶ መሪ መያዝ፣ ቤት ውስጥ ተጣልቶ እጅ ማንሳት፣ ለዜጋ ቅጣት ከፍሎ የሚያልፈው ነገር ለእሱ የአሳይለም ኬዙ መዝጊያ ሊሆን ይችላል። መንጃ ፈቃዱ ጊዜው እንዳያልፍ፣ ኢንሹራንሱ እንዳይቋረጥ፣ የመኪናው የኋላ መብራት እንዳይጠፋ። ትንሽ ይመስላል፤ የደሴውን ልጅ ግን እስር ቤት ያስገባው የዚህ ዓይነት ትንሽ ነገር ነው።

ከተያዘ ደግሞ የተወለደበትን አገር ቢናገርም ባይናገርም አሻራው ይናገራል። ስለዚህ የውሸት ስም አይስጥ፣ የውሸት ወረቀት አያሳይ። ዝም የማለት መብት አለው፣ ጠበቃም መጠየቅ ይችላል። በስቴት ፍርድ ቤት የሚመደብለት ጠበቃ የወንጀል ጠበቃ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ፓዲያ በተባለው መዝገብ፣ ጠበቃው ጥፋተኝነት ማመን ከአገር ሊያስባርር እንደሚችል ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት ብሎ ወስኗል። ግዴታው አለ፣ ግን ሰኞ ጠዋት 40 ፋይል የያዘ ጠበቃ ሁልጊዜ አይደርስበትም። «ጥፋተኛ ነኝ በልና ዛሬ ማታ ቤትህ ትገባለህ» ቢለው፣ ከመፈረሙ በፊት «እኔ ዜጋ አይደለሁም፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃዬን ላናግር» ይበል። የጠበቃውን ስልክ ቁጥር አሁኑኑ በቃሉ ያጥናው፤ እስር ቤት ሲገባ ሞባይሉን ይወስዱበታል።